የተዘረጋ እጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ከቲቸር ጋር ነው። አገር ምድሩ ሙሉ ተጫዋች እያለ ከቲቸር ጋር!

የደወለው ከመራጮቹ አንዱ ነው። ኮፒ ቤቱን ልከፍት ቁልፉን እንደሰካሁ ስልኬ ጮኸ። ለዓለም የቡድን ውድድር የሚሄዱት ሴቶች ተለይተዋል፤ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ ለእሱ ደግሞ እኩል ነጥብ የያዝነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ወይዘሮ አስካለ። ሁለታችሁም መሐል ሜዳ ከተማ ስለምትኖሩ ዳኛው ወደ እናንተ ይመጣል፣ ሐሙስ አንድ ጨዋታ ትጫወታላችሁ አለኝ። ሰውዬው ደስ እያለው ነው የሚናገረው። ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሁለት ሴት ቼዝ ተጫዋች መገኘቱ ያኮራል አለ። እኔ ቁልፉን መልሼ ነቀልኩት።

ወይዘሮ አስካለ ብሎ የሚጠራቸው እዚህ ማንም የለም። ከተማው በሙሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፈረስ በሰሌዳው ላይ እንዴት እንደሚዘል ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ማታ ማታ ቤታቸው እየሄድኩ አብረን እንጫወታለን። ቅዳሜ ዕለት እንኳ አብረን ነበርን፤ ንግሥቴን በከንቱ ስለሰጠሁ ተቆጥተውኛል።

ከሁሉ የባሰው ሕጉ ነው። አቻ ከወጣን የሚሄዱት እሳቸው ናቸው፤ በአገር አቀፉ ውድድር እርስ በርስ ስንጫወት አሸንፈውኛልና። ስለዚህ እኔ ማሸነፍ አለብኝ። ለእሳቸው አለመሸነፍ ይበቃቸዋል።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ ቼዝ አይልም፤ ገበጣ ነው የሚለው። ዓለም አቀፍ ገበጣ። "ታዲያ የፊደል እናትሽን አሸንፈሽ ደስ ሊልሽ ነው?" አለኝ። የፊደል እናቴ አይደሉም፣ የሒሳብ ናቸው አልኩት። ይህን በማለቴ እሱም ተቆጣ፣ እኔም ተቆጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኔትወርክ የለም። ስለዚህ በስልኬ ከማንም ጋር መጫወት አልችልም። ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለራሴም ለጠላቴም እጫወታለሁ። ጠላቴ ጠንካራ ነው፤ የማስበውን ሁሉ ያውቃል።

ሰው ይገባና "ኮፒ አለ?" ይለኛል። ማሽኑ አጠገቡ ቆሞ እያየው።

ናይሮቢን ላለማሰብ ወስኜ ነበር። ጠዋት ወስኜ እስከ ረፋድ ጸናሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። ከአገሬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። በመጨረሻው ዙር የገጠመችኝ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ ባልቴት ናት። አንድ ፈረስ በልጫታለሁ። ያንን ጨዋታ ባሸንፍ ማዕረግ አገኝ ነበር፤ ከስሜ ፊት የሚጻፍ የዓለም አቀፍ ማዕረግ። ሴትዮዋ ተነስታ ወጣች፣ ተመልሳ መጣች፣ ከመቀመጧ በፊት አንድ ነገር አጉረምርማ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ብድግ አልኩ። አንገቴን ሰበር አድርጌ እጇን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በሽምግልናዋ ቆማ እጇን ዘርግታ እንዴት ቁጭ ብዬ አያታለሁ?

ለካ ያጉረመረመችው "አቻ እንውጣ" ነው። ለካ እጅ መጨበጥ መስማማት ነው። ዳኛው መጣ፣ ለእሷ ግማሽ፣ ለእኔ ግማሽ ብሎ ጻፈ። ሰላምታ መስሎኝ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ወረቀቱ ላይ ፈርሜ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የናይሮቢው ነጥብም ለምርጫው ይደመራል፤ አሁን ከቲቸር ጋር እኩል የሆንኩት በዚያች ግማሽ ነጥብ ምክንያት ነው። ባትጎድልብኝ ኖሮ ቦታው የእኔ ነበር፤ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስመለስ ከተማው ሳቀብኝ። አባዬ ግን ትክክል ነሽ አለ፤ የትልቅ ሰው እጅ አይታለፍም አለ። ቲቸር አልሳቁም፣ ትክክል ነሽም አላሉኝም። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። በትምህርት ቤቱ የቼዝ ክበብ ውስጥ፣ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ተነስተን በሁለት እጃችን እንድንጨባበጥ ያስለመዱን እሳቸው ናቸው። አንዱ ልጅ ቁጭ ብሎ አንድ እጁን ከሰጠ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ያስደግሙት ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ቲቸር ኮፒ ቤት መጡ።

ከሰኞ ጀምሮ እየተሸሸግን ነው። እኔ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ዳቦ የሚገዙበትን ሱቅ ቀይረዋል አሉ። ዛሬ ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ዘው አሉ። ብድግ አልኩ። ጉንጬን ሳሙኝ፣ የእማዬን ደህንነት ጠየቁኝ፣ ስለ ውርጩ አወራን፤ ዘንድሮ ገብሱን ቀድሞ እንዳይመታው ፈርተው እንደነበር ነገሩኝ። ሁለታችንም ሰሌዳውን ላለማየት ጣራ ጣራ እናያለን። ሰሌዳው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እሳቸው ሁልጊዜ የሚጀምሩበት አጀማመር ተደርድሮበታል። እሱን ስለማመድ ነው የደረሱብኝ።

"ኮፒ ልታደርጊልኝ ነው" አሉና ከቦርሳቸው አወጡ። ፓስፖርታቸውን።

መራጮቹ የሁለታችንንም ኮፒ ጠይቀዋል፤ እኔም የራሴን ልኬያለሁ፤ አዲስ ነገር የለውም። ግን የሳቸውን ተቀብዬ ገለጥኩት። ፓስፖርቱ ንጹሕ ነው። ገጾቹን ሳገላብጥ አንድም ማኅተም የለም። ለአንድ ውድድር ሊሄዱ አውጥተውት ያ ውድድር ቀረ። ከዚያ አሳደሱት። አሁንም ሊያልፍበት ጥቂት ቀርቶታል። ፎቶው ላይ ፀጉራቸው ጥቁር ነው።

ማሽኑ ወረቀት ጎረሰ። ከፍቼ መዘዝኩ፣ እንደገና ጎረሰ። ቲቸር ከኋላዬ ቆመው "ቀስ በይ፣ ትርሲትዬ፣ አትቸኩይ" ይሉኛል፤ ልክ ሰሌዳ ላይ ስቸኩል እንደሚሉኝ። በመጨረሻ ኮፒው ወጣ፤ ፎቶው ላይ ፊታቸው ጠቁሮ። እንደገና አወጣሁት። ሂሳቡን ተዉት አልኳቸው፣ እንቢ አሉ። በር ላይ ደርሰው ዞሩና "ጥቁር ስይዝ ሁልጊዜ እሱን አልጀምርም" ብለውኝ ወጡ። ሰሌዳውን አይተውታል።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እኔ ወጣት ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ይመጣልኛል። እንዲህ ብዬ ለመተው ሞከርኩ። ከዚያ ሌላ ጊዜ ስለመምጣቱ ማን ነገረኝ ብዬ ተናደድኩ። እሳቸውም በእኔ ዕድሜ እንዲሁ ብለው ይሆናል።

መተው አልፈልግም። መሄድ እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ አልተጫወትንም። መንገዱ ተዘጋ። ዳኛው ጣርማ በር ደርሶ ቆሟል ተባለ። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል።

አንድ ነገር እያስጨነቀኝ ነው፤ ለማንም ብናገረው የሚስቅብኝ። ቲቸር በጨዋታው መሀል እጃቸውን ቢዘረጉልኝስ? አቻ እንውጣ ቢሉኝስ? ቆሜ እንደምቀበላቸው አውቃለሁ። ጭንቅላቴ እንቢ ይላል፣ እግሬ ግን አይጠይቀኝም፣ ብድግ ይላል።

ስለዚህ እማዬን ልምምድ አስያዝኳት። ሱፍ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን አስቀመጠች። ሰሌዳውን ፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩና መጥተሽ እጅሽን ዘርጊልኝ፣ እኔ ቁጭ እላለሁ አልኳት።

መጀመሪያ ስትዘረጋ ብድግ አልኩ። ሳቀች። እንደገና። አሁንም ከወንበሩ ተነሳሁ። የወንበሩን እግር በእግሬ ጠምጥሜ ያዝኩ። እማዬ እጇን ዘረጋች፤ ዓይኔን ሰሌዳው ላይ ተክዬ "እቀጥላለሁ" አልኩ። ቁጭ እንዳልኩ! በጣም ደስ አለኝ። ቀና ስል እማዬ አትስቅም። እጇ እንደተዘረጋ ቀርቷል፣ እያየችው ነው።

"ደስ አይልም፣ ልጄ" አለችኝ። "ጨዋታ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ደስ አላለኝም።"

አባዬ በዚያው ቅጽበት ገባ። በሩ ላይ ሆኖ ያየው ይህንን ነው፤ እናቴ ቆማ እጇን ዘርግታ፣ እኔ እንደ ሹም ተቀምጬ። በርኖሱን ሳያወልቅ ጮኸብኝ። እማዬ ልምምድ ነው ብላ አስረዳችው፤ ነገሩን አባሰችው። "ይሄንንም ይለማመዱታል?" አለ። ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ቅዳሴ ሄድን። ቲቸርን በሴቶች በኩል ከሩቅ አየኋቸው። ስወጣ እንዳላገኛቸው ሕዝቡ ሳይበተን ሾልኬ ወጣሁ። ከታቦቱ ፊት ሰው ሲሸሽ ምን ይባላል?

አባዬ ለእኔ የጸለየ አይመስለኝም። ስጠይቀው "ለተሻለው ይሁን አልኩ" አለኝ። ዓይኑን እያሸሸ ነው የነገረኝ። ለቲቸር ጸልዮአል።

እማዬ ብቻ ወገን አላት። እያበጠረችኝ "አሸንፊና እግራቸው ላይ ውደቂ" አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው።

መንገዱ ተከፍቷል። ዳኛው ገብቷል፤ ሆቴል አርፏል፤ ብርድ አልቻለም አሉ።

እጄ ቀዝቃዛ ነው። መጻፍም አስጠላኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አሸነፍኩ። ምነው ባላሸነፍኩ የምልበት ሰዓት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

የተጫወትነው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። መስኮቱ ላይ ሰው ተደርድሯል። አባዬ ከውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ዳኛው ሁለት ሹራብ ደርቦ ተቀምጧል።

ነጭ ደረሰኝ። ቲቸር እንዳሉትም ያንን አልጀመሩም፤ የተለማመድኩት ሁሉ ከንቱ ቀረ። ንግሥቶቹ ተበላልተው ወጡ። ግንቦቹ ወጡ። ሁለት ሰዓት አለፈና ንጉሥና ወታደር ብቻ ቀረን፤ እኔ በዳር በኩል አንዲት ብቸኛ ወታደር፣ መሀሉ ላይ የሁለታችንም ተፋጠው የቆሙ። አየሁት፣ አየሁት፤ እኩል ነው። ወዴትም አይሄድም። እኩል ማለት ደግሞ ለእኔ መሸነፍ ነው። ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ።

ያኔ ከሰሌዳው ማዶ እጅ መጣ።

ቃል አልወጣቸውም። እጃቸው ብቻ ነው የመጣው፤ የጠመኔ ጣታቸው፣ የብር ቀለበታቸው። እግሬን በወንበሩ እግር ላይ ጠመጠምኩ። ዓይኔን ከሰሌዳው አላነሳሁም። "እቀጥላለሁ" አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

እጁ አልተመለሰም። ከመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት "ውይ" ስትል ሰማሁ። የበሩ መዝጊያ ተንቋቋ፤ አባዬ ነው የወጣው፤ ሳላይ አውቄዋለሁ።

ከዚያ ቲቸር በግራ እጃቸው ሰዓቱን አቆሙት።

"ትርሲት፣ ቀና በይ" አሉ። "አሸንፈሻል። አሁን እጄን ያዢው።"

ለካ እጃቸውን የዘረጉት ተሸንፌያለሁ ብለው እጅ ለመስጠት ነው! የዓለም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ የተሸነፈ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ያልቃል። እኔ ግን እሳቸው ድሉን ሲሰጡኝ ተቀምጬ እጃቸውን አንከራተትኩት፣ ከተማው እያየ። መያዝ ባልነበረብኝ ጊዜ ያዝኩ፣ መያዝ ሲገባኝ ተውኩ። ብድግ ስል ወንበሩ ከእግሬ ጋር ተነስቶ ወደቀ። ሰዉ ሳቀ። እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ወረቀቱ ላይ ፈረሙ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሄዱ።

አባዬ አላናገረኝም። እማዬ ቡድኑ ውስጥ ገባሽ አይደል ብላ ደጋግማ ትጠይቀኛለች። አዎ፣ ገባሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ቤቱ ሁሉ ለቅበላ ሥጋ ሲጠብስ እኔ ሰሌዳው ላይ አጎንብሼ ነበር። ትናንት የቆመበትን ቦታ መልሼ ደረደርኩት። እኩል ነው። እንዴት ብዬ ነው ያሸነፍኩ? ለምን እጅ ሰጡ? አዝነውልኝ ሰጥተውኝ ይሆን? ይህ ሐሳብ ከትናንቱ ኀፍረት ባሰብኝ።

አባዬ ገባና ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረኝ። "ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ።" ከታረደው በግ የፍርምባውን ሥጋ እማዬ በሳህን ሸፍና ሰጠችኝ።

ቲቸር ብቻቸውን ነበሩ። ጉልበታቸው ላይ ለመውደቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ፤ ሥጋው ይደፋል አሉ። ተቀመጥን። ይቅርታ አልኳቸው፣ እጅ ሲሰጡኝ ሳላውቅ እንዳዋረድኳቸው ተናገርኩ። ሳህኑን ከፍተው አዩት፣ መልሰው ከደኑት።

"እጅ ልሰጥ አልነበረም" አሉ።

አልገባኝም።

"አቻ ልልሽ ነበር። እጄን ብዘረጋ ተነስተሽ እንደምትይዥው አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ ያስለመድኩሽ? አንዴ ከያዝሽው አለቀ። ናይሮቢ ያቺ ሴትዮ ያደረገችሽን ላደርግሽ ነበር፤ ያውም እሷ አታውቅሽም፣ እኔ እያወቅሁሽ።" ጣታቸውን አሹ። "ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አልተነሳሽም። አሃ፣ አይታዋለች አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ? ሰዓቱን አቆምኩ።"

ምኑን ነው ያየሁት? ፊቴ ላይ ያነበቡት መሰለኝ። ተነስተው ሰሌዳቸውን አመጡ፣ ደረደሩት። የዳሯን ወታደሬን ወደፊት ገፏት፤ እንድትበላ ለቀቋት። የሳቸው ንጉሥ እሷን ሊበላ ወደ ዳር ይሄዳል። እሱ ሲሄድ የእኔ ንጉሥ መሀል ገብቶ የቀሩትን ወታደሮቻቸውን አንድ በአንድ ይለቅማል። አለቀ። ይህን ያህል ቀላል ነው። እኔ እኮ ያቺን ወታደር ላለማስበላት ስል ንጉሤን ወደኋላ ልመልስ ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ዳኛው ሄዷል፣ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ግን እዚያ ቤት ዋሽቼ አላውቅም።

"አላየሁትም ነበር፣ ቲቸር" አልኳቸው። "አቻ ሊሉኝ መስሎኝ ነው እቀጥላለሁ ያልኩት።"

አፍጥጠው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሳቅ ያዛቸው፤ መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እስከ መጨረሻው ሳቅ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ጠረጴዛው ዳር ላይ ያ ፓስፖርት ከኮፒው ጋር ተቀምጧል፤ እሱን ላለማየት ሰሌዳውን አየሁ።

"አሁንስ አየሽው?" አሉኝ።

"አሁን አየሁት።"

"እንግዲያው ትሄጃለሽ። ማታ ማታ ነይ፤ የወታደር አጨራረስሽ እንደዚህ ሆኖ አልልክሽም።"

ልናደድባቸው ይገባኝ ነበር? መንገድ ላይ አሰብኩት። ሊያታልሉኝ ነበር፤ ያውም ራሳቸው ባስተማሩኝ ጨዋነት። ከዚያ ደግሞ ያንን ማንም ሳይጠይቃቸው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ተናድጄባቸዋለሁም። ሁለቱም አሉ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

አባዬ ይቅር አሉሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። የቀረውን አልነገርኩትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጻፍና ልተኛ። ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝና እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ለመሰናበት ብቻ። በሁለት እጄ ያዝኩት። ግን ለአፍታ ዘግይቻለሁ። እሳቸውም አይተውታል።